ስድስቱ ነጥቦች እና ሁለቱ ወንበሮች

ባዶ ጆንያ ላምባ ላምባ ይሸታል። ይህን የሚያውቀው ቡና መጋዘን አጠገብ ያደገ ሰው ነው። አባቴ ዲላ ከተማ በአንድ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ ቤት ከመግባት ይልቅ በጆንያው ክምር ላይ መንከባለል እመርጥ ነበር። እናቴ ገና በር ላይ ሳለሁ በጠረኔ ታውቃለች። «ዛሬም እዚያ ዋልሽ!» ትለኛለች። ጆንያዎቹ ላይ በሰማያዊ ቀለም የታተመ ጽሑፍ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ስማር ካነበብኳቸው የመጀመሪያ ቃላት አንዱ «ባንግላዴሽ» ነው። የጆንያ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። አገር መሆኑን ኋላ በክፍል ውስጥ፣ ሰው መሆኑን ደግሞ ሻርጃ ላይ ተማርኩ።

በዓረብ ኤምሬቶች፣ ሻርጃ ውስጥ በአንድ የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ስድስት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ቆይቻለሁ። ግምጃ ቤቱን የሚይዙት በዕድሜ የገፉ ቤንጋላዊ ነበሩ። ሁላችንም «ቻቻ» እንላቸዋለን፤ አጎት ማለት ነው። እርሳቸው እኔን «ማ» ይሉኛል፤ እናቴ እንደ ማለት። በእነርሱ ወግ ሽማግሌ ሰው ልጁ የምትሆን ሴት ሲያገኝ እንዲህ ብሎ ይጠራታል። መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ አያቴ እኔን «እማዬ» ትለኝ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ግን ነገሩ ገባኝ።

አንድ ቀን ቆጠራ ላይ ሆነን ስለ ዲላው ጆንያ ነገርኳቸው። የያዙትን ካርቶን መሬት አስቀመጡ። «ሾናሊ አንሽ» አሉ፤ ወርቃማው ቃጫ ማለት ነው። ጆንያው የሚሠራበትን የጁት ተክል እንዲህ ነው የሚጠሩት። አባታቸው ናራያንጋንጅ በሚባለው የወንዝ ወደብ በጁት ፋብሪካ ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። «አባትሽ የመዘነበትን ጆንያ አባቴ ሸምኖት ሊሆን ይችላል» አሉኝና ትንሽ ዝም ብለው «ገንዘቡ ግን የት ይሄድ እንደነበር ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

የሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቃ እንቅልፍ አይወስዳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። የምጽፈውም የዚያን ንባብ ቅሪት ነው፤ ባንግላዴሽ ገና የፓኪስታን ምሥራቃዊ ክፍል ሳለች ስለ ገንዘቧ ያቀረበቻቸው የስድስት ነጥቦች ታሪክ። ቀኖቹም ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓኪስታን በ1947 ስትመሠረት አንዲት አገር ሆና ሁለት ቦታ ተፈጠረች። በምዕራቡና በምሥራቁ ክፍል መካከል 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሕንድ መሬት ተዘርግቷል። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በምሥራቅ፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በሚባለው በቤንጋል በኩል ይኖራል፤ ዋና ከተማው፣ የጦሩ አዛዦችና የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ቁልፍ ያሉት በምዕራብ ነው። ምሥራቁ ጁት ያበቅላል፤ በምድር ላይ የታወቀውን ምርጥ ጁት። ፋብሪካዎቹ ግን ካልካታ ውስጥ ስለነበሩ ድንበሩ ሲሰመር ወደ ሕንድ ቀሩ። በ1947 ምሥራቅ ቤንጋል አንድም የጁት ፋብሪካ አልነበራትም። በኋላ ተተከሉ፤ በዓለም ትልቁ የነበረው አዳምጂ በ1951 ሥራ ጀመረ፤ ባለቤቶቹ ግን ከቤንጋል ውጭ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ቻቻ ጥያቄ። ጁቱ ባሕር ማዶ ይሸጣል፤ የውጭ ምንዛሪ ይገባል። ምንዛሪውን መንግሥት ይይዝና ለሻጩ በሩፒ ይከፍላል፤ ሒሳቡም ለአንድ ዶላር 4.76 ሩፒ ነው። ሩፒው በገበያ ያን ያህል ዋጋ አልነበረውም። እንግዲህ ገበሬው ሳያውቀው ደረሰኝ የሌለው ግብር ከፈለ ማለት ነው። ምንዛሪው በአስመጪነት ፈቃድ አማካይነት በአብዛኛው በምዕራብ፣ ካራቺ ላሉ ባለ ፋብሪካዎች ይታደላል። እነርሱ በዚያ ማሽን ያስገባሉ፣ ጨርቅ ይሠራሉ፣ ጨርቁን በቀረጥ ታጥሮ በተጠበቀ ገበያ ለዚያው ለጁት ገበሬ በውድ ይሸጡለታል። ሲሸጥ ከሰረ፤ ሲገዛ ደገመ።

የምሥራቁ ዋና ከተማ የዳካ ኢኮኖሚስቶች፣ ከእነርሱም መካከል ሬህማን ሶብሃንና ኑሩል ኢስላም፣ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ኢኮኖሚ አለ እያሉ መጻፍ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። በመንግሥቱ የራሱ የዕቅድ ሰነዶች እንኳ ልዩነቱ ይታያል። በ1959/60 የምዕራቡ ነዋሪ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከምሥራቁ በ32 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ብልጫው 61 በመቶ ደረሰ። ያ ጊዜ ደግሞ ከሞላ ጎደል በወቅቱ የአገሪቱ ገዥ የነበሩት ጄኔራል አዩብ ኻን «የዕድገት አሥርት» ብለው በታላቅ ድምቀት ያከበሩት ነው።

ስለ ቤንጋሎች ፖለቲካ ብዙ ሰው የሚያውቀው የቋንቋውን ታሪክ ነው፤ የካቲት 21 ቀን 1952 ቤንጋሊኛ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ያሉ ተማሪዎች ዳካ ላይ በፖሊስ ጥይት ወደቁ፤ ዛሬ ዓለም ያን ቀን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ ያከብረዋል። እኔን ግን የሳበኝ ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በ1954ቱ የክፍለ ሀገር ምርጫ የቤንጋል ፓርቲዎች ግንባር ፈጥረው፣ 21 ነጥብ ያለው ሰነድ ይዘው ከ237 የሙስሊም መቀመጫዎች 223ቱን ወሰዱ። አገሪቱን የመሠረተው ሙስሊም ሊግ ዓይኑ እያየ ተነቀለ። የግንባሩ መንግሥት ሁለት ወር ሳይሞላው ከማዕከል በመጣ ትእዛዝ ፈረሰ። ከ21ዱ ነጥቦች አንዱ ራስን በራስ ማስተዳደርን ይጠይቃል፤ ለማዕከሉ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና ገንዘብ ይቅርለት ይላል። ገንዘብ የሚለውን ልብ በሉልኝ። በ1954 ቤንጋሎች የገንዘቡን ጉዳይ ገና ለማዕከሉ ያምኑ ነበር።

በ1952 ተኩሱ ሲከፈት ደግሞ የምሥራቅ ቤንጋል ዋና ሚኒስትር ኑሩል አሚን የሚባሉ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

በመስከረም 1965 ፓኪስታንና ሕንድ 17 ቀን ተዋጉ። ጦሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም በምዕራብ ነበር፤ ምሥራቁን፣ በሦስት ወገን በሕንድ የተከበበውን ምድር፣ የሚጠብቀው አንድ ክፍለ ጦር ብቻ ነው። የጄኔራሎቹ ትምህርት «ምሥራቁ የሚጠበቀው በምዕራብ ነው» የሚል ነበርና። ቻቻ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሰፈራቸው ሌሊት መብራት እየጠፋ፣ ማን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ፣ ወሬ ብቻ ሲሰሙ ያድሩ እንደነበር ነግረውኛል። «ሕንድ ብትመጣ ኖሮ በምን እንመልሳት ነበር? በጆንያ?» አሉኝ።

በየካቲት 1966 የተቃዋሚ ፓርቲዎች መሪዎች በምዕራቡ ክፍል፣ ላሆር ላይ ተሰበሰቡ። የአዋሚ ሊጉ ሼክ ሙጂቡር ራህማን ከዳካ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ስድስት ነጥብ ነው፤ በቤንጋሊኛ «ቾይ ዶፋ» ይሉታል። አዘጋጆቹ በአጀንዳ እንኳ አልያዝንም አሉ። ሙጂብ ወረቀቱን ይዘው ወጡና ለጋዜጠኞች ሰጡት።

ላሆር መሆኑ ራሱ ነገር አለው። በ1940 በዚያችው ከተማ ሙስሊም ሊግ ታዋቂውን ውሳኔ ሲያሳልፍ ሐሳቡን ያቀረቡት ፋዝሉል ሐቅ የሚባሉ ቤንጋላዊ ነበሩ፤ ሰነዱም በሰሜን ምዕራብና በምሥራቅ ስለሚቋቋሙ ነጻ «መንግሥታት» ይናገራል። በ1946 ዴልሂ ላይ በተደረገ ጉባኤ «መንግሥት» ሆነ። በአማርኛ ብንጽፈው የጠፋችው አንዲት «ታ» ናት። ያን የማሻሻያ ሐሳብ ያቀረቡት ደግሞ ሌላው ቤንጋላዊ ሱህራዋርዲ፣ የሙጂብ የፖለቲካ አባት ናቸው። የስድስቱ ነጥቦች የመጀመሪያው በላሆሩ ውሳኔ መሠረት እውነተኛ ፌዴሬሽን ይቋቋም፣ ምክር ቤቱ በሁሉም አዋቂ ሰው ድምፅ ይመረጥ ይላል። ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን «ታ» ሊመልስ የመጣ ይመስላል።

ሁለተኛው ነጥብ ለፌዴራሉ መንግሥት መከላከያና የውጭ ጉዳይ ብቻ ይተዋል። ስድስተኛው ምሥራቁ የራሱ ሚሊሻ ይኑረው ይላል፤ ይህ የ1965ቱ ጨለማ ልጅ ነው። መካከል ያሉት ሦስቱ ግን የእኔ ናቸው፤ የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው። ሦስተኛው፦ ለሁለቱ ክፍሎች በነጻ የሚመነዘሩ ሁለት የተለያዩ ገንዘቦች ይኑሩ፤ አንድ ይሁን ከተባለም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ካፒታል እንዳይፈስ የሚያግድ ሕግና የተለየ ባንክ ይቋቋም። አራተኛው፦ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን የክፍላተ ሀገሩ ይሁን፤ ማዕከሉ ድርሻውን ከእነርሱ ይቀበል። አምስተኛው፦ የውጭ ምንዛሪ ገቢ በሁለት መዝገብ ይያዝ።

ሰነዱን መጀመሪያ ሳነብ ስለ ነጻነት፣ ስለ ደም፣ ስለ አያት ቅድመ አያት አፈር የሚናገር መስሎኝ ነበር። ስለ መዝገብ አያያዝ የሚናገር ሆኖ አገኘሁት። አንድ ሰው ከሸሪኩ ጋር ሲጣላ መጀመሪያ የሚለው «እንለያይ» አይደለም፤ «መዝገቡን አሳየኝ» ነው። ስድስቱ ነጥቦች ለእኔ ያ ንግግር ናቸው። በ1954 ለማዕከሉ የተተወው ገንዘብ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ከማዕከሉ እጅ ይውጣ ተባለ። በመካከል የሆነውን ሁሉ ይህች አንዲት ለውጥ ትናገራለች።

ፍርዴን ልናገር ካልኩ ግን ሌላውንም ወገን እብድ አልለውም። ግብር መሰብሰብ የማይችል፣ ምንዛሪ የማይዝ፣ ገንዘብ ለብቻው የማያትም መንግሥት ደመወዝ በልመና ይከፍላል። የፓኪስታን ጦር ደግሞ የበጀቱን ትልቅ ድርሻ የሚበላ ጦር ነበር። አራተኛው ነጥብ ጄኔራሎቹን የነካቸው በአገር ፍቅራቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ኪሳቸውንም ነካ። ይህን በግልጽ አውጥቶ መከራከር ይቻል ነበር፦ ድርሻው ስንት ይሁን፣ ለስንት ዓመት፣ ማን ይቆጣጠር። አዩብ ኻን ግን ለሒሳብ ጥያቄ የመለሱት በመሣሪያ ዛቻና በመገንጠል ክስ ነው። ፌዴሬሽን የሚባለውን ቃል ያለ ትዝታ የማንሰማው እኛ ይህን መልስ ስናነብ ለምን እንደሚያመን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሙጂብ ስድስቱን ነጥቦች «የመኖር ጥያቄያችን» በሚል ርእስ በትንሽ መጽሐፍ አሳትመው ከከተማ ከተማ ዞሩ። በአንዱ ከተማ ይታሰራሉ፣ በዋስ ይወጣሉ፣ በሌላው ይታሰራሉ። ግንቦት 8 ቀን ናራያንጋንጅ ላይ ለሠራተኞች ተናግረው ቤታቸው ሲመለሱ ተያዙ፤ ያኔ ግን መፈታት አልነበረም። የቻቻ አባት ከሰሚዎቹ መካከል ነበሩ። ማታ ቤት ሲገቡ ምን እንደተባለ የጠየቋቸውን ሚስታቸውን «ስለ ጁት ነው የሚያወራው» አሏቸው። ቻቻ ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር፤ ደጋግመው ነግረውኛል፤ ሁልጊዜም ይስቃሉ።

ሰኔ 7 ቀን ሐርታል ተጠራ፤ ሥራ ማቆም፣ ሱቅ መዝጋት፣ መንገድ መዝጋት፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ፖሊስ ዳካ ውስጥ ቴጅጋኦን ላይ፣ ቶንጊ ላይ፣ ናራያንጋንጅ ላይ ተኮሰ። ማኑ ሚያ የሚባል ሠራተኛ ቴጅጋኦን ላይ ወደቀ፤ ስሙ ዛሬም ይነሣል። እስከዚያ ቀን ራስን በራስ የማስተዳደር ጥያቄ የጠበቆችና የተማሪዎች ነበር። የውጭ ምንዛሪ መዝገብ ምን እንደሆነ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የፋብሪካ ሰዎች ስለ አምስተኛው ነጥብ ሞቱ። ወይም እንዲህ ማለቱ ይሻላል፦ መዝገቡን አላዩም እንጂ ውጤቱን በየቀኑ በገበያ ያዩት ነበር።

የሚቀጥለውን በሩጫ ላልፈው ነው፤ በየታሪክ መጽሐፉ አለና። በ1968 ሙጂብ ከ34 ሰዎች ጋር፣ ከሕንድ ጋር ተመሳጥራችኋል ተብለው በአጋርታላ ክስ ዳካ ጦር ሰፈር ውስጥ ለፍርድ ቀረቡ። ክሱ ሰውየውን ያጠፋቸዋል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ አገነናቸው። በ1969 መጀመሪያ ተማሪው አደባባይ ወጣ፣ ክሱ ተሰረዘ፣ አዩብ ኻን በመጋቢት ሥልጣናቸውን ለጄኔራል ያህያ ኻን ትተው ሄዱ። ኅዳር 12 ቀን 1970 በባሕር ዳርቻው ላይ የመጣው ማዕበል በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ፤ የማዕከሉ እርዳታ ዘገየ፤ ምርጫው ከወር ያነሰ ጊዜ ነበር የቀረው።

ታኅሣሥ 7 ቀን 1970። ለምሥራቁ ከነበሩት 162 ወንበሮች አዋሚ ሊግ 160ዎቹን ወሰደ። ለሴቶች ከተያዙት ሰባቱ ሲጨመሩ ከ313ቱ 167፤ ብቻውን አገሪቱን ለመግዛት የሚበቃ ቁጥር። በምዕራቡ አንድም የለውም። በምዕራቡ ያሸነፈው የዙልፊካር አሊ ቡቶ ፓርቲም በምሥራቅ አንድም የለውም። ጥር 3 ቀን የአዋሚ ሊግ ተመራጮች ዳካ በሚገኘው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ በሕዝብ ፊት ስድስቱን ነጥቦች ላንቀንስ ብለው ማሉ። ይህ መሐላ የድርድሩን በር ከውስጥ የቆለፈው ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ ከስድስቱ አንዱን የሚቀንስ ሰው መሐላ አፍራሽ ነው። ቡቶ ደግሞ ከውጭ ቆለፉት፤ ዳካ ለሚሄድ የምዕራብ ተመራጭ እግሩን እንደሚሰብሩለት ዛቱ። ያህያ መጋቢት 1 ቀን ምክር ቤቱን ላልተወሰነ ጊዜ አዘገዩት።

ከሁሉ የማይወጣልኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጋቢት አጋማሽ ላይ ያህያ ዳካ መጥተው መነጋገር ጀመሩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት የፕሬዚዳንቱ የኢኮኖሚ አማካሪ ኤም. ኤም. አሕመድና የአዋሚ ሊግ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንቀጽ በአንቀጽ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ባንክ ይነጋገሩ ነበር። በመጨረሻ መዝገቡ ተከፈተ! ከጠበቆቹ አንዱ ካማል ሆሴን ለማጠቃለያው ስብሰባ ስልክ ይደወልልሃል ተብለው ይጠብቁ ነበር። መጋቢት 25 ቀን ስልኩ ሳይደወል ዋለ። ሌሊቱን ታንክ ወጣ።

ስለዚያ ዓመት ከቻቻ የሰማሁት ነገር የለም። ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበሩ። አንድ ጊዜ ልጠይቅ ስል «ቆጠራውን እንጨርስ፣ ማ» አሉኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኩም። አሥር ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ሕንድ ተሰደደ፤ የሟቾቹ ቁጥር ዛሬም ያከራክራል። ታኅሣሥ 16 ቀን 1971 መሐላው በተማለበት በዚያው ሜዳ የፓኪስታን ጦር እጁን ሰጠ።

የሒሳብ ሰው ግን 160 ሲባል ስለ ሁለቱ መጠየቁ አይቀርም።

አንደኛው ወንበር የኑሩል አሚን ነው። በ1952 ተኩስ ጊዜ የነበሩት ዋና ሚኒስትር ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ያ ሁሉ ጎርፍ ሲወርድ ቆመው አሸነፉ። አገራቸው ስትከፈል ከፓኪስታን ጋር ወገኑ፤ በዚያች የታኅሣሥ ወር ለሁለት ሳምንት ያህል ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ፤ መቃብራቸውም ካራቺ ነው።

ሁለተኛው ወንበር የቺታጎንግ ተራሮች ነው፤ ያሸነፉትም የቻክማ ሕዝብ ንጉሥ ራጃ ትሪዲቭ ሮይ። ቻክማዎች ቡድሂስቶች ናቸው፤ ቋንቋቸውም ባህላቸውም ከሜዳው ሕዝብ የተለየ ነው። በ1962 በካርናፉሊ ወንዝ ላይ የካፕታይ ግድብ ተጠናቀቀ። ውኃው ከተራራው ሕዝብ የእርሻ መሬት 40 በመቶ ያህሉን ዋጠ፤ 100,000 የሚሆን ሰው ተፈናቀለ፤ ራንጋማቲ ያለው የንጉሡ ቤተ መንግሥትም ከሐይቁ ሥር ገባ። የኤሌክትሪኩ መስመር ተራራውን ትቶ እስከ ሲድሂርጋንጅ ተዘረጋ። ካርታ ላይ ሳየው ደነገጥኩ፤ ሲድሂርጋንጅ የናራያንጋንጅ ጎረቤት ናት፤ የአዳምጂ ፋብሪካም እዚያው ነበር። ካራቺ ለዳካ የሆነችውን ዳካ ለራንጋማቲ ሆና ነበር።

አዲሲቱ ባንግላዴሽ በ1972 ሕገ መንግሥት ጻፈች። ጸሐፊዎቹ ለስድስቱ ነጥቦች የታገሉት ሰዎች ናቸው። የጻፉት ግን አሐዳዊ መንግሥት ነው፤ ዜጋውም ሁሉ ቤንጋላዊ ይባላል አሉ። ማናቤንድራ ናራያን ላርማ የሚባሉ የቻክማ ተወላጅ የምክር ቤት አባል ለተራሮቹ ራስን በራስ የማስተዳደር ጥያቄ ይዘው ወደ ሙጂብ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የእርሳቸው ወረቀት አራት ነጥብ ብቻ ነበረው። አንቀጹ ሲጸድቅ እኔ ቻክማ ነኝ እንጂ ቤንጋላዊ አይደለሁም ብለው ከአዳራሹ ወጡ። ከዚያ ጫካ፣ ከዚያ ጦር፣ ከዚያ በ1997 የሰላም ስምምነት፤ የፈረሙት የሙጂብ ልጅ መንግሥትና የላርማ ወንድም ናቸው።

ንጉሡ ወደ ፓኪስታን ሄደው አልተመለሱም። በ1972 ባንግላዴሽ ለተባበሩት መንግሥታት አባልነት ስታመለክት ፓኪስታን ተቃውሞዋን እንዲመሩላት የላከችው እርሳቸውን ነው። ሙጂብ ደግሞ ከዳካ በሄደው ልዑክ ውስጥ የንጉሡን እናት፣ ራጅማታ ቤኒታ ሮይን፣ ወደ ኒው ዮርክ ላኩ። ልጅሽን ይዘሽልን ነይ ነው ነገሩ።

ይህን ያነበብኩ ሰሞን ለቻቻ ነገርኳቸው። የንጉሡን ስም ስጠራ ፊታቸው ጠቆረ። «ራዛካር» አሉ፤ በ1971 ከጠላት ጋር ላበረ ሰው የሚሰጥ ስድብ ነው፤ ከእርሱ የከፋ የላቸውም። ስለ ግድቡ፣ ስለ ሰመጠው ቤተ መንግሥት፣ ስለ ኤሌክትሪኩ መስመር ነገርኳቸው። ሲድሂርጋንጅ ስል ቀና አሉ። የአባታቸው የሌሊት ፈረቃ የጀመረው ኤሌክትሪኩ ከመጣ በኋላ እንደነበር ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ተናገሩ። ስለ እናትየው መንገድ ስነግራቸው ግን ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ።

«እናቱን ላኩበት?»

«አዎ፣ ቻቻ።»

«መጣ?»

«አልመጣም። እናትየዋ ብቻዋን ተመለሰች። እርሱ በ2012 እዚያው ኢስላማባድ ሞተ።»

ብዙ ቆዩ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ቆጠራው የት ላይ እንደቆመ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ቀጠልን።